የድንቢጥ ወንበሮች

እህቴን ፍለጋ የመጣው ሰው የጥርስ ሐኪም ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሩ ሲንኳኳ የከፈትኩት እኔ ነኝ። በቤታችን በር የምከፍተውም፣ ስልክ የማነሳውም፣ ከጎረቤት የምጣላውም እኔ ነኝ። እትዬ ከኔ በአስራ አንድ ዓመት ትበልጣለች፤ ሥራ ካቆመች ወዲህ አንዴ ከተቀመጠች ቤቱ ቢቃጠል እንኳ "እስቲ ተመልከቺው" ነው የምትለው።

ሰውየው አርባ ዓመት ገደማ ይሆነዋል። ጫማው ያብረቀርቃል። በነጭ አንሶላ የተጠቀለለ ነገር እንደ አራስ ልጅ ታቅፏል።

"አርባ አንድ ቁጥርን ፈልጌ ነበር" አለኝ።

"የኛ ቤት መቶ ስድስት ነው።"

"የቤት ቁጥር አይደለም፤ የሰው ነው።"

"አስገቢው" አለች እትዬ ከውስጥ።

ገብቶ አንሶላውን ጠረጴዛ ላይ ፈታው። አሮጌ የመኪና ወንበር ልብስ ነው፤ ፊቱ ቡና ዓይነት፣ ጠርዙ የተሰነጣጠቀ። ገለበጠውና ጀርባውን አሳየን። በሰማያዊ ቀለም፣ በእትዬ እጅ ጽሕፈት፣ አርባ አንድ የሚል የሠራተኛ ቁጥር አለበት።

"እርስዎ ነዎት?" አላት።

"ነበርኩ" አለች።

እትዬ ሃያ ሁለት ዓመት የሠራችው መኪና ፋብሪካ ውስጥ ነው። ሰው ይህን ሲሰማ ብረት ስትቀጠቅጥ የኖረች ይመስለዋል። እሷ ግን ከአስራ አንድ ሴቶች ጋር፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ባለው አንድ አዳራሽ ውስጥ ወንበር ነበር የምትሰፋው። ቀልድ ሲያምራት "ዕድሜዬን በመኪና መኪና ስሰፋ ጨረስኩት" ትላለች። የምትሰፋላት መኪና ድንቢጥ ትባላለች። ትንሽ ናት፣ ክብ ናት፣ ሁለት መብራቶቿ ዓይኗን ያፈጠጠች ወፍ ያስመስሏታል። ፋብሪካው እሷን መሥራት ካቆመ አስራ ዘጠኝ ዓመት አልፏል። እኛ ረስተናታል። ያልረሷት ሰዎች መኖራቸውን ያወቅነው ያን ቅዳሜ ነው።

ሐኪሙ ሻዩ እስኪበርድ አወራ። የድንቢጥ ወዳጆች ማኅበር የሚባል አለ፤ እሱ ጸሐፊው ነው። ሁለት መቶ ምናምን አባላት አሏቸው። ፋብሪካው ድንቢጥን እንደገና እንዲሠራ ፊርማ እያሰባሰቡ ነው። ከሁለት ወር በኋላ ትልቅ ትርዒት ያዘጋጃሉ፤ የፋብሪካው ሰዎችም ይጋበዛሉ። በዚያ ቀን አንዲት ድንቢጥ ከፋብሪካ እንደወጣችበት ዕለት ሆና መታየት አለባት። የሞተሩ ሥራ አልቋል፣ የቀለሙ ሥራ አልቋል፤ የቀረው ወንበሩ ነው።

"ሰፊ ሞልቷል እኮ" አለች እትዬ።

"ሰፊ ሞልቷል፤ አርባ አንድ ቁጥር ግን አንድ ናት።"

እትዬ ሁለት እጆቿን አንስታ አሳየችው። የቀኝ አንጓዋ አብጧል፤ ጠዋት ጠዋት ጣቶቿ አልታጠፍ ይሏታል፣ የሻይ ብርጭቆ የምትይዘው በሁለት እጇ ነው። ሐኪሙ አየ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ "ቀስ ብለው ነው፣ አንቸኩልም" አለ። እዚህ ላይ ጥፋቱ የኔ ነው። "እትዬ፣ ምን ትሠሪያለሽ ቤት ተቀምጠሽ? ሰው አክብሮሽ መጣ፤ እኔም አብሬሽ ሄጄ መርፌ እሰካልሻለሁ" አልኳት። እሷ ደግሞ እምቢ ማለት አልፈጠረባትም። ጨርቅ ታቅፎ የቆመን ሰው ባዶ እጁን መስደድ ከበዳት መሰለኝ።

"ይሁን" አለች። የፊርማውን ወረቀት ሲያቀርብላት ግን አጣጥፋ ወደ እሱ መለሰችው። "ይቺን እናያታለን።"

የሐኪሙ ጋራዥ ከመኖሪያ ቤቱ ጀርባ ነው። ውስጡ ሦስት ድንቢጦች አሉ፤ አንዷ ትሄዳለች፣ አንዷ አትሄድም፣ ሦስተኛዋ አጽም ብቻ ናት። ባለቤቱ የታጠበ ልብስ ልታሰጣ ወጥታ በበሩ ብቅ አለችና እኔን አየችኝ። "የወደደው ሌላ ሴት ቢሆን እኮ ቢያንስ ዕቃ ታጥብልኝ ነበር" አለችኝ ወደ መኪኖቹ በአገጯ እያመለከተች። ሳቅን። ሐኪሙ ይህን ቀልድ መቶ ጊዜ ሰምቶታል መሰለኝ ቀና እንኳ አላለም።

ከአንድ ጫማ ሠሪ የተዋሰው ከባድ የስፌት መኪና መስኮቱ ሥር ተቀምጧል። እትዬ ተቀመጠችበት፣ ፔዳሉን በእግሯ ነካ ነካ አደረገችው፣ ከዚያ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

"ምነው፣ አይሠራም?" አላት ሐኪሙ።

"ይሠራል። ጀርባዬ የድሮውን አስታወሰኝ።"

ድሮ በቀን አስራ ስምንት የፊት ወንበር ትጨርስ ነበር። አሁን ሁለት ወንበር ዘጠኝ ቀን ፈጀባት። ጠዋት ትሰፋለች፣ ከቀትር በኋላ አንጓዋን በሞቀ ውሃ ነክሬላት ግድግዳ ተደግፋ ትቀመጣለች። ሐኪሙ ከክሊኒኩ እንደወጣ በቀጥታ ወደ ጋራዡ ይመጣና ጥያቄውን ይጀምራል። ክሩ ስንት ቁጥር ነበር? ስፖንጁን ማን ነበር የሚቆርጠው? ቡናማው ነው ወይስ ግራጫው መጀመሪያ የመጣው? እሷ ባጭር ባጭሩ ትመልሳለች፤ እሱ ማስታወሻ ደብተሩ ላይ ይጽፋል። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ አንድ ቀን "ዶክተር፣ ትንሽ ትረፍ" አልኩት። ይቅርታ ጠየቀ፤ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ግን ሌላ ጥያቄ ይዞ መጣ። ክፋት የለበትም። ልጅ አሻንጉሊቱን ይዞ እንደሚከተልሽ ዓይነት ነው።

በስድስተኛው ቀን፣ ሐኪሙ ክሊኒክ በማይገባበት እሑድ ጠዋት፣ ማዕዘኑ ላይ ደረሰች። የድንቢጥ ወንበር አራቱም ማዕዘኖቹ ላይ ሦስት አጫጭር ስፌቶች አሉት፤ ተራርቀው የተዘረጉ።

"ይኸው! የወፍ እግር!" አለ ሐኪሙ፤ ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። "እኛ የወፍ እግር ነው የምንለው። አስመስለው የሚሰፉት ይህን አያውቁም፣ እውነተኛውን የምንለየው በዚህ ነው። ስሟን አስቦ ነው አይደል ንድፍ አውጪው? ለድንቢጥ የድንቢጥ እግር!"

እትዬ እግሯን ከፔዳሉ ላይ አነሳች። ከዚያ ሳቀች፤ እንዲያ ስትስቅ ካየኋት ቆይቻለሁ።

"የምን ንድፍ አውጪ ልጄ። ክሩ ነው።"

"እንዴት?"

"ፋብሪካው ክር ቀየረ። ርካሽ አመጣልን። ሰው ሲቀመጥበት ማዕዘኑ ይተረተራል፣ ወንበሩ ይመለሳል፣ ፎርማኑ እኛ ላይ ይጮሃል። ክሩ ነው ስንለው እጃችሁ ነው ይለናል። አጠገቤ የምትቀመጥ አንዲት ቀጭን ልጅ ነበረች። እሷ ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ መለስ እያደረገች መቆለፍ ጀመረች። ያዘላት። በሳምንቱ አስራ ሁለታችንም እንደ እሷ ሰፋን። ለማንም አልነገርንም፤ ማንም አልጠየቀንም።"

"ግሩም ነው!" ሐኪሙ ደብተሩን ገልጦ መጻፍ ጀመረ። "ይኼ እኮ ታሪክ ነው! ይህን ማንም አያውቅም!"

"ታሪክ አይደለም" አለች እትዬ። "ምሳ ነበር።"

ቀና ብሎ አያት።

"ለያንዳንዱ ማዕዘን ትንሽ ትንሽ ደቂቃ ይጨምራል። የቀኑ ቁጥር ግን አልተቀነሰልንም፤ አስራ ስምንት ያው አስራ ስምንት ነው። ስለዚህ ከምሳችን ላይ ነበር የምንወስደው። እየሰፋን እንጎርስ ነበር፤ አንድ እጅ ለዳቦ፣ አንድ እጅ ለመርፌ።"

ሐኪሙ ብዕሩን ከወረቀቱ ላይ አነሳ። "ልጅቷስ? ቀጭኗ?"

"እንጃ። ፋብሪካው ሲበትነን ሁላችንም ተበተንን።"

ይህንንም ጻፈው። እትዬ እግሯን ወደ ፔዳሉ መለሰች።

የትርዒቱ ቀን ሰፊ ሜዳ ላይ ሠላሳ ድንቢጦች ተደርድረው አገኘን። ትልልቅ ሰዎች፣ ራሰ በራዎች፣ ባለ ሆዶች፣ በመሐረብ መብራት ይወለውላሉ። አንዱ አባቱ በድንቢጥ ትምህርት ቤት ያደርሰው እንደነበር ነግሮኝ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ላፌዝበት አስቤ ነበር፤ አልቻልኩም። እትዬ ወንበሯን በሰፋችላት መኪና ዙሪያ አንድ ጊዜ ዞረች። "ትንሽ ናት እኮ" አለችኝ በሹክሹክታ። "እኔ ወንበሯን ነው የማውቀው፤ ያውም ተገልብጦ። ስትሄድ ያየኋት በመንገድ ዳር ነው፣ አውቶቡስ ስጠብቅ።"

ከፋብሪካው የተላከው ወጣት ሙሉ ልብስ ለብሷል። ለሩብ ሰዓት ተናግሮ ምንም አላለም። ከዚያ የማኅበሩ ሊቀመንበር እትዬን ወደ ድምፅ ማጉያው ጠራት። እንደማይቀርላት ስታውቅ ቀስ ብላ ሄደች።

"እናታችን፣ እነዚህን ወንበሮች በእጅዎ ሰፍተዋል። ድንቢጥ እንድትመለስ ይፈልጋሉ?"

እትዬ ድምፅ ማጉያውን በሁለት እጇ ያዘችው።

"ከተመለሰች" አለች፣ "በደህና ክር ትመለስ።"

ሳቁ፣ አጨበጨቡ፣ አንዱ አፏጨ። ቀልድ መስሏቸው ነው። እሷ አልሳቀችም። ሐኪሙም አልሳቀም፤ እሱ ክሩን ያውቃል። ስትመለስ የፊርማውን ወረቀት ይዞ ጠበቃት፤ ከላይ ባዶ መስመር ትቶላታል።

"የናፈቀችው ይፈርም ልጄ" አለችው ክንዱን ይዛ። "ለናንተ አባታችሁ ናት፣ ወጣትነታችሁ ናት። ፈርሙ፣ መብታችሁ ነው። እኔን ግን አልናፈቀችኝም። ዋሽቼ ብፈርም ደግሞ እነዚያ ሴቶች ይታዘቡኛል።"

ወረቀቱን ቀስ ብሎ አጠፈው። ቅር እንዳለው ያስታውቃል፤ ግን እስከ ታክሲው ድረስ ሸኘን፣ በሩንም ከፈተላት።

ከዚያ ወር ከምናምን ድምፁ ጠፋ። አንድ ሰኞ ጠዋት በሩን ብከፍት እሱ ነው፤ ጢሙን አልተላጨም። ወንበር ላይ ዘፍ አለና ከኪሱ አንድ ደብዳቤ አውጥቶ ለኔ ሰጠኝ። አራት መስመር ነው። ፋብሪካው ለማኅበሩ ፍቅር ያመሰግናል፤ ሞዴሉ ከዛሬ ገበያ ጋር ስለማይሄድ ዳግመኛ የማምረት እቅድ የለውም። አነበብኩላት።

"አምስት ሺህ ፊርማ" አለ ሐኪሙ። "አምስት ሺህ ሰው እኮ ነው። በአራት መስመር!"

"እኛንም ሲያሰናብቱን ከዚህ አልበለጠም" አለች እትዬ። በመውቀስ አልነበረም፤ ለሐዘንተኛ የራስን ሐዘን እንደሚያዋጡት ነው ያለችው። "አይዞህ። አንተ ጋ ሦስት አሉ አይደል? ያሉትን ጠብቅ። የሌለውን ተወው፣ ይረፍ።"

ሻይ ቀዳሁለት። ትንሽ ትንሽ እየጠጣ ፊቱ መለስ አለ። እትዬም ብርጭቆዋን አነሳች፤ ፉት አለችና ዓይኗን ጨፈነች፣ ጉንጯን በመዳፏ ያዘች። ሐኪሙ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

"ምንድነው?"

"ምንም አይደል።"

"እስቲ አፍዎን ይክፈቱ።" ድምፁ ተለወጠ፤ ድንቢጥ ከውስጡ ወጣች። ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሮ አየላት። "ይኼ እኮ ውስጡ መግል ቋጥሯል! ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ሦስት ወር አልፎታል። ወንበሩን ሳልጀምር ነው።"

"ዘጠኝ ቀን ሙሉ አጠገብዎ ተቀምጬ! የጥርስ ሐኪም መሆኔን እያወቁ! ለምን አልነገሩኝም?"

እትዬ አሰበች። "ስለ ክሩ ጠየቅከኝ፣ ነገርኩህ" አለች። "ስለ ስፖንጁም ጠየቅከኝ፣ ነገርኩህ። ይህን አልጠየቅከኝም።"

ሐኪሙ እስከ ጆሮው ቀላ። እኔ ግን ከእሱ በላይ አፈርኩ። እሱ እንግዳ ነው፤ አብሬያት የምበላው እኔ ነኝ። በግራዋ ብቻ ስታላምጥ ሦስት ወር አይቼ አላየሁም። ምላሴ እንጂ ዓይኔ ሥራ ላይ አልነበረም።

ያኔውኑ በምትሄደዋ ድንቢጥ ክሊኒክ ወሰደን። እትዬ ከፊት ተቀመጠች። በመንገድ ሐኪሙ አንድም ጥያቄ አልጠየቀም። ክሊኒኩ ውስጥ መርፌ ወጋት፣ እኔ ውጭ ቆየሁ፣ ጥርሷን ነቅሎ ወደ እኔ አመጣት። ጉንጯ አብጧል፣ ጥጥ ነክሳለች። ሐኪሙ በሩ ድረስ መጣና ስለ መድኃኒቱ ነገረኝ፤ "ማደንዘዣው በሁለት ሰዓት ውስጥ ይለቃታል፣ ከዚያ በኋላ እንደ ልቧ ማውራት ትችላለች" አለኝ።

አድርሻችሁ ልመለስ ብሎን ነበር፤ እትዬ በእጇ አይሆንም አለችው። በአውቶቡስ ተመለስን። እኔ አላረፍኩም፤ እንዲህ ቢሆን፣ እንዲያ ብንል፣ ለምን ደበቅሽኝ፣ ከእንግዲህ በየሳምንቱ አፍሽን አያለሁ። እሷ ጉንጯን እየጠቆመች ራሷን ትነቀንቃለች። ቤት ገባን፣ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች፣ ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ጣል አደረገች። ሁለት ሰዓት አለፈ። አራት ሰዓት አለፈ። ጥጡን ከጣለች ቆይታለች፤ ውሃ ስትጠጣም አይቻታለሁ፣ አልፈሰሰባትም።

እስኪመሽ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ከጥያቄም ከወሬም ማረፍ እንደፈለገች ገብቶኝ እኔም ዝም አልኩ።