የኮች ማሪቲም አርባ ሁለት ቁጥር

እኔ ቂም እይዛለሁ። ይህን በኬንያዋ የሯጮች ከተማ በኢቴን የማያውቅ የለም፤ ባሌም፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ያውቀው ነበር። ሰው ሲበድለኝ አልጮህም፣ አልሳደብም። ሆዴ ውስጥ አስቀምጠውና ሥራዬን እቀጥላለሁ። አሰልጣኜን ኮች ማሪቲምን ሆዴ ውስጥ ያስቀመጥኩት ልጄ ጄሊሞ ሳትወለድ ነው። አሁን እሷ እኔ ያኔ የነበርኩበት ዕድሜ ላይ ደርሳ በእሱው ካምፕ ትሮጣለች። በእኛ ሰፈር የሴቶች ካምፕ ያለው እሱ ብቻ ነው፤ መሮጥ የፈለገች ልጅ ሁሉ በማሪቲም በር ታልፋለች።

የዘንድሮው ጫማ የመጣው ዝናቡ ሊገባ ሲል ነው። ለየዕለቱ ልምምድ የተሠራ፣ ሶሉ ደረቅ ያለ፣ ገና ገበያ ያልወጣ ግራጫ ጫማ። ጫማ ሠሪው ኩባንያ ለካምፑ ልጆች በየቁጥራቸው አደለና፣ ይመች እንደሆነ፣ ልክ ይሆን እንደሆነ እየጠየቀች እንድትመዘግብ ኢንግሪድ የምትባል ጀርመናዊት ላከ። ኢንግሪድ ያረፈችው እኔ ቤት ነው፤ ለፈረንጅ ሯጮች የማከራያቸው ክፍሎች አሉኝ።

የሶሉ ድርቀት ምንም አልነበረበትም። የእኛ ልጆች ደረቅ ሶል ይወዳሉ፤ በቀዩ አፈር ላይ እግር የት እንዳረፈ ያሳውቃል፣ ዳገት ላይም አይሰምጥም። ችግሩ ከፊት ነበር፤ ጣቶች የሚያርፉበት ቦታ ጠቧል። ይህን ያወቅኩት ጄሊሞ ከልምምድ ስትመለስ እንደ ወትሮዋ በረንዳው ላይ መታጠቧን ትታ፣ ከጓሮ ከበርሜሉ ጀርባ እግሯን ስትታጠብ ደርሼባት ነው። የአውራ ጣቷ ጥፍር ጠቁሯል።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ምንም አይደል እማ።»

«ጫማው ነው?»

እግሯን በፎጣ ሸፈነች። «ኮች፣ ጫማው ደረቅ ስለሆነ ነው፣ እግራችሁ ይለምደዋል ብለውናል።»

«ለማዳም ኢንግሪድ ነገርሻት?»

«እንዴት ብዬ? ስትጠይቀን እኮ ኮች አጠገቧ ቆመው ነው። ሁላችንም ተመችቶናል አልን። ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ የአውራጃው የሯጮች ምርጫ ነው፤ አሁን አመመኝ ያለች ልጅ ምርጫው ላይ አትሰለፍም።»

እግራችሁ ይለምደዋል። እኔንም ይህንኑ ነበር ያለኝ። ያኔ ጫማው ጠበበኝ ብዬው ነበር፤ ይለምደዋል ብሎ ለናይሮቢው ምርጫ በዚያው ጫማ አሰለፈኝ። ውድድሩ መሃል ላይ የእግሬ አጥንት ተሰነጠቀ። አንድ ቀን እንኳ ሊጠይቀኝ አልመጣም። ለመራጮቹ «ይህቺ ልጅ ህመም ታበዛለች» አላቸውና የካምፕ አልጋዬን ለእህቱ ልጅ ሰጣት። እግሬ ዳነ፣ ስሜ ግን አልዳነም። ህመም ታበዛለች የተባለችን ሴት እዚህ አገር የሚቀበል አሰልጣኝ የለም።

የጄሊሞን ጥፍር ያየሁ ዕለት አመሻሽ ላይ ኢንግሪድ ወተት የበዛበት ሻይዋን ይዛ ታማርር ጀመር።

«ቼሮኖ፣ እዚህ አገር የማይመች ነገር የለም እንዴ? የጠየቅኳት ልጅ ሁሉ ተመችቶኛል ነው የምትለኝ።»

«ጨዋ ልጆች ናቸው» አልኳት።

«ደግነቱ ኮች አሉ። እኛ ናሙና የምንሠራው በአርባ ሁለት ቁጥር ነው፤ የእሳቸውም እግር ልክ አርባ ሁለት ነው። የጫማውን ልክ የወሰንነው እሳቸውን አምነን ነው። ከፊት ሰፊ ነው ብለው ጽፈውልናል።»

ሻዩ በአፍንጫዬ ሊወጣ ምንም አልቀረውም። ማሪቲም አርባ አራት ነው። በካምፑ ደንብ እሑድ እሑድ የአሰልጣኙን ጫማ የምታጥበው ከሁሉም ታናሿ ልጅ ናት፤ ያንን ታንኳ የሚያክል ጫማ ስንት ጊዜ ፈትጌዋለሁ። ለካስ ኩባንያው ናሙናውን የሚያስሞክረው አርባ ሁለት ቁጥር ላለው ሰው ብቻ ነው፤ ሰውየውም የሞካሪነቱ ሥራ እንዳያመልጠው እግሩን በወረቀት ላይ አሳንሶታል። የሚላክለትን ጫማ አንድ ቀንም አጥልቆት አያውቅም ማለት ነው። ዝም ብሎ ሰፊ ነው እያለ ይጽፋል፣ የሰው ልጅ እግር ደግሞ ይጠቁራል።

ያኔውኑ ልነግራት እችል ነበር። ኢንግሪድ ከፊቴ ተቀምጣለች፣ ልጄ ከግድግዳው ወዲያ ተኝታለች። ግን ነገሩ ከእኔ አፍ ከወጣ የቂመኛ ሴት ወሬ ነው፤ እሱም ድሮም ህመም ታበዛለች ብሎ ይስቅበታል። እኔ የፈለግኩት ከገዛ አፉ እንዲወጣ ነበር። ሰው ፊት፣ እያመመው።

«ኢንግሪድ፣» አልኳት፣ «ኮችን በእኛ ወግ አመስግናችኋቸው ታውቃላችሁ?»

«እንዴት ነው ወጉ?»

«እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሽማግሌዎቹ ሜዳው ላይ ይቀመጣሉ። ጫማውን እነሱ ፊት ስጫቸው። እዚህ ሽማግሌ ፊት የተሰጠ ነገር እዚያው ይለበሳል፣ ተሸፍኖ ቤት አይገባም።»

ኢንግሪድ ደስ አላት። እንዲህ ያለ ወግ የሚነግራት ሰው ስትፈልግ ነው የከረመችው።

«አርባ ሁለት ቁጥሩን» ብዬ አስታወስኳት።

እሑድ ሜዳው ሞልቶ ነበር። ሽማግሌው አራፕ ቱዌይ ምርኩዛቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ከፊት ተቀምጠዋል። ኢንግሪድ ሳጥኑን ስታቀርብለት ማሪቲም በሁለት እጁ ተቀበለ፣ ሰዉም አጨበጨበ። ክዳኑን ከፈተና ቁጥሩን አየ። ቀጥሎ ዓይኑ ሴቶቹ መሃል እኔን ፈለገ። ፈገግ አልኩለት።

«እግዜር ይስጥልኝ ማዳም። ነገ በንጹሕ ካልሲ አጠልቀዋለሁ።»

«ካልሲህ ምን ሆነ?» አሉ አራፕ ቱዌይ። «ለእግዚአብሔር ቤት የሆነ ካልሲ ለጫማ አይሆንም?»

ሰዉ ሳቀ። «አይ አባቴ፣ አክብሬው ነው።»

«እንግዲያው አድርገውና አክብረው።»

ሳሩ ላይ ተቀመጠ። ማሰሪያውን እስከ ታች ድረስ ፈታው፣ ጣቶቹን አስገባ፣ ገፋ። ተረከዙ እምቢ አለ። እንደገና ገፋ።

«ኮች፣ ጫማ ማስገቢያ ማንኪያ ላምጣልዎ?» አልኩ ከሴቶቹ በኩል።

«ዝም በይ አንቺ የጄሊሞ እናት» አለ ጥርሱን ነክሶ። በመጨረሻ ገባ። እንዴት እንደገባ እሱና ፈጣሪው ያውቃሉ።

ሜዳውን አንድ ዙር ሮጠና ኢንግሪድ ፊት ቆመ። እሷም እስክሪብቶዋን አውጥታ መጠየቅ ጀመረች።

«ተረከዝ ላይ እንዴት ነው?»

«ጥብቅ አድርጎ ይዞኛል።»

«ጣቶችዎ ይንቀሳቀሳሉ?»

«እንደ ልባቸው።»

«አንድ ዙር ይጨምሩላት እንጂ ኮች፣» አልኩ እኔ፣ «ደረቅ ጫማ በአንድ ዙር ይታወቃል እንዴ?»

ጨመረ። የካምፑ ልጆች እርስ በርስ ተያዩ፤ ጄሊሞ መሬት መሬቱን ታያለች። እኔ የእሱን ፊት ነበር የምጠብቀው። አፉ እስኪጣመም፣ አንዴ ብቻ ዋይ እስኪል። ፊቱ ግን እንደነበረ ነው።

የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው፣ ያውም የዚህ አገር ሴት ሆኜ። የእኛ ወንዶች የሚገረዙ ዕለት ፊታቸውን ጭቃ ይቀባሉ። ጭቃው ይደርቃል። ምላጩ ሲያርፍ የደረቀው ጭቃ አንድ ቦታ ከተሰነጠቀ፣ ልጁ ዕድሜ ልኩን ፈሪ ተብሎ ይኖራል። ማሪቲምን የገረዙት ደግሞ አራፕ ቱዌይ ራሳቸው ናቸው፤ አሁንም ፊት ለፊቱ ተቀምጠው ያዩታል። እሳቸው ፊት እግሩ ቢቆረጥም ቅንድቡን አያነቃንቅም። እኔ ህመሙን አሰብኩ እንጂ የሚያዩትን ሰዎች አላሰብኩም።

«በጣም ተመችቶኛል» አለ ማሪቲም። ኢንግሪድም ጻፈችው።

ንዴት አንገበገበኝ። ሚስጥሩን ይዞ፣ ተጨብጭቦለት ሊሄድ ነው። ወደ ቤቴ ልመለስ ፊቴን ሳዞር ግን ኢንግሪድ ቀጠለች።

«እንዲህ ከተመቸዎትማ ከነገ ጀምሮ በየማለዳው ከልጆቹ ጋር ይሩጡበት። እኔም በሞተር እከተላለሁ። የረጅም ርቀቱን አስተያየት ከእርስዎ ነው የምፈልገው።»

ማሪቲም ወደ ሽማግሌው ዞረ።

«ይሮጣል እንጂ፣» አሉ አራፕ ቱዌይ፣ «ምን ይከለክለዋል?»

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ከሰኞ ጀምሮ ላሞቼን ሳላልብ መንገድ ዳር መቆም ሆነ ሥራዬ። ካምፑ ጎህ ሲቀድ በቤቴ በኩል ያልፋል። ማሪቲም ከፊት፣ ልጆቹ ከኋላ፣ ኢንግሪድ ከሁሉም ኋላ በሞተር።

«እንደምን አደሩ ኮች፣ ተመቸዎት?»

«ተመችቶኛል።»

በማግስቱ ባለሱቁ፣ የማሪቲም ሚስት ጨው በኪሎ እንደገዛች ነገረኝ፤ እግር ለመዘፍዘፊያ ነው አለኝ። እሰይ አልኩ፣ ድምፄን አውጥቼ። ረቡዕ እግሩን መሬት ላይ የሚያሳርፈው ፍም የሚረግጥ ይመስል ነበር። ሲያልፍ ማየት ብቻ አልበቃኝም፤ መንገዱ እስከሚታጠፍበት ድረስ ተከትዬው ሄድኩ። እኔ በአንድ እግሬ እየዘለልኩ ከናይሮቢ ስመለስ አንድም ሰው አልተከተለኝም።

ረቡዕ ማታ እራት ላይ ኢንግሪድ ጠየቀችኝ። «ጄሊሞ ዛሬ ወደ ኋላ ቀርታ ነበር። ለአንቺ ምን ትልሻለች?»

«ኮችን ጠይቂ» አልኳት። «ልኩ የእሳቸው እግር አይደል?» ጎመኑን አቀረብኩላትና ወሬ ቀየርኩ። ማሪቲም ሊናገር ጥቂት እንደቀረው አውቄያለሁ፤ ሌላ ሰው እንዲቀድመው አልፈለግኩም።

ሐሙስ ገና ሳይነጋጋ አጥሬ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። የፕላስቲክ ነጠላ ጫማ አድርጓል፣ ግራጫውን ጫማ በእጁ አንጠልጥሏል። ጣቶቹን ማየት ያስፈራል።

«ቼሮኖ» አለኝ። በስሜ ከጠራኝ ስንት ዘመኑ።

«ይግቡ ኮች፣ ሻይ ደርሷል።»

«አልገባም። ይሄ ያንቺ ሥራ ነው አይደል?»

«የእኔ ሥራ ክፍል ማከራየት ነው።»

«በቃ አሸነፍሽ። አሁን ለማዳም ንገሪልኝ። ጉልበቱን አሞት ኤልዶሬት ሐኪም ቤት ሄደ በያት።»

«ጉልበትዎን ነው የሚያምዎት?»

 አንዷ ላም ስትጮህ ወደ እሷ ዞር አለ፣ ከዚያ ወደ መሬት አየ። «እግሬን ነው። ከፊት ይጠባል። ያማል።»

«አልሰማሁም።»

«ያማል አልኩሽ እኮ።»

«ይህ የሚባለው እዚህ አይደለም» አልኩት። በዕድሜዬ አንተ ብዬው አላውቅም ነበር፤ ያን ጠዋት ግን አልኩት። «ሜዳው ላይ ሂድና ልጆቹ ፊት በለው። አለዚያ የእግርህን ቁጥር ለማዳም እነግራታለሁ። ስፈትገው የኖርኩት እኔ ነኝ።»

ሻሼን አስሬ ተከተልኩት። ልጆቹ ሰውነት እያሟሟቁ ነበር፤ ኢንግሪድ ሞተሩ አጠገብ ቆማለች። ማሪቲም በነጠላ ጫማው መጥቶ መሃላቸው ቆመ።

«ይሄ ጫማ ያማል» አለ። ድምፁ እንደ ወትሮው ነበር። «ሳልሞክረው ነው ሰፊ ነው ብዬ የጻፍኩት። የእኔ እግር አርባ አራት ነው። የሚያማችሁ አውልቁ።»

መጀመሪያ ማንም አልተነቃነቀም። ከዚያ አንዲት ልጅ ሳሩ ላይ ቁጭ አለች፣ ሌላዋ ተከተለች፣ ቀጥሎ ሁሉም ተቀምጠው ማሰሪያቸውን ይፈቱ ጀመር። የጠቆረ ጥፍር፣ ደም የነካው ካልሲ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ጣት። ኢንግሪድ እስክሪብቶዋን እንኳ አላወጣችም። እኔ ማሪቲምን አየሁት፤ አንገቱን ደፍቷል። ዕድሜዬን ሙሉ የጠበቅኩት ይህን ነበር። ጣፈጠኝ፣ አልዋሽም።

ጄሊሞ ከሁሉም ዘግይታ አወለቀች፤ ካልሲዋ ተጣብቆባት ነበር። ስታላቅቀው ጥፍሯ አብሮ ወጣ። እግሯ አብጦ ጣቶቿ ተጣብቀዋል። ቅዳሜ እንደማትሮጥ ለማወቅ ሐኪም አያስፈልግም። ሮጬ ሄጄ አጠገቧ ተንበረከክኩ።

«እማ፣» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «ያን ዕለት ጥፍሬን አይተሽዋል።»

«አይቻለሁ።»

«ማዳም የምትተኛው እኛ ቤት ነው።»

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሻትም?»

ዓይኔ ወደ ማሪቲም ሄደ። እሷም ዓይኔን ተከትላ አየችው። ገባት።

እንድትነሣ እጄን ዘረጋሁላት። እሷ ግን በሌላው ወገን የቆመውን የማሪቲምን ክንድ ይዛ ተነሣች። ሁለቱም እያነከሱ፣ ቀስ ብለው ወደ መንገዱ ወጡ።