ወንድሟ ሆኜ የዋልኩበት ቀን

ሚስቴ ቀለበቴን ያስወለቀችኝ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ ሻርጃ፣ አል ተዓውን፣ የማዳሟ ሕንፃ በር ላይ። ሰላምታ እንኳ በወጉ ሳንለዋወጥ! አምስት ዓመት ሙሉ በስልክ ብቻ ያየኋትን ሴት ገና ጠግቤ ሳላያት «አውልቅና ኪስህ ክተተው» አለችኝ።

«ምን ሆነሻል?»

«ወረቀቴ ላይ ያላገባች ነው የሚለው። ኤጀንሲው ነው እንደዛ ያስጻፈኝ። ማዳም ፈቃድ የሰጠችኝ ወንድሜ መጣ ብያት ነው፤ የዛሬውን የከተማ ጉብኝት ትኬትም የገዛችልን ራሷ ናት። ኮንትራቴ እሁድ ይታደሳል። ባል እንዳለኝ ካወቀች፣ ኸላስ፣ አለቀልኝ፣ በማግስቱ አውሮፕላን ላይ ነኝ።»

«ታዲያ ወንድምሽ ልሁን?»

«አንድ ቀን ነው፣ ኢዮኤል! በጌታ!»

አንድ ቀን። ከአሥሩ የቪዛ ቀኖቼ ፍሬአለምን የማገኝበት ይኸው አንዱ ብቻ ነው፤ እሱንም ወንድም ሆኜ ልዋለው! ደሜ ፈላ። ቀለበቱን ግን አወለቅኩ።

የቤቱ ሹፌር ቶማስ፣ ያገራችን ልጅ፣ ቱሪስቶቹ እስከሚሳፈሩበት አውቶቡስ አደረሰን። በር ከፈተልኝ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ገዛልኝ፣ «ጋሼ» አለኝ። በሦስት ዓመት ብበልጠው ነው! ጨዋ ልጅ ነው አልኩ በሆዴ።

ብቻችንን መስሎኝ ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ የማዳም ታላቅ እህት ሁዳ አውቶቡሱ ውስጥ ቀድማ ተቀምጣለች። ሠራተኛ ብቻዋን አትዞርም ተብሎ ነው። ፍሬአለምን አጠገቧ አስቀመጠቻት፤ እኔ ከኋላቸው ተቀምጬ የሚስቴን ማጅራት ሳይ ዋልኩ።

አስጎብኚያችን ኢስራ የምትባል ቀልጣፋ ግብፃዊት ናት። የዱባይን የባሕር ወሽመጥ በጀልባ ስንሻገር ወደ እኔና ወደ ፍሬአለም እያየች «ሙሽሮች ናችሁ?» አለች በእንግሊዝኛ።

«አኺ» አለች ፍሬአለም፣ ፈጥና። ወንድሜ ማለት ነው። ይህቺን ቃል በዚያች ቀን ጠንቅቄ አወቅኋት።

ከጀልባው ወርደን ኢስራ ስም ልትጠራ ዝርዝሯን አወጣች። «ፍሬአለም ነጋሽ! ኢዮኤል ሙሴ!» ሁዳ ዞር አለች። እነሱም እንደኛው በአባት ስም ነው የሚጠሩት፤ ነጋሽና ሙሴ አንድ አባት እንደማይሆኑ ለማወቅ ብዙ መማር አያስፈልግም።

ፍሬአለም በአረብኛ አንድ ነገር ተንተባተበች። ሁዳ ቀስ ብላ ራሷን ነቀነቀች።

«ምን አልሻት?» አልኳት በሹክሹክታ።

«በእናት ነው የምንገናኘው አልኳት። እናትህን ከጠየቀችህ የኔን እናት፣ ጌጤን ጥራ።»

ሁለት ሆነ። አሁን ደግሞ እናቴንም ቀየረችብኝ!

ሻርጃ ሰማያዊው ገበያ ስንገባ አንድ ወርቅ ሻጭ ፍሬአለምን እጇን ይዞ ቀለበት አጠለቀላትና ወደ እኔ ጠቆመ። ባልሽ ይግዛልሽ ማለቱ ነው። እሳት እንደነካት ሁሉ ቀለበቱን መንጭቃ አወጣችው። «አኺ! አኺ!»

አላስቻለኝም። «ሦስት ጊዜ ካድሽኝ፣ ፍሬአለም። ጴጥሮስም ሦስቴ ነው የካደው፤ የሚቀረን ዶሮ ነው።»

«ዝም በል፣ ታየናለች!» አለች። ዓይኗ እንባ ሞልቷል። እኔም አንጀቴ አረረ፤ በእሷ ልናደድ ወይስ ላዝንላት አላወቅኩም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አጅማን ደረስን፤ የእንጨት ጀልባ ላይ ወጣን። ሌሎቹ ፎቶ ሲነሱ ሁዳ ሁለታችንንም ጠርታ ፊት ለፊቷ አስቀመጠችን። ልብሷን አስተካከለች። ረጋ ብላ፣ እኔን እኔን እያየች፣ ረጅም ነገር ተናገረች። አለቀ፣ ታወቀብን አልኩ።

ፍሬአለም ፊቷን ወደ ባሕሩ አዞረች።

«ተርጉሚልኛ!»

«ቶማስን አይተኸዋል ትላለች። አይጠጣም፣ ስምንት ዓመት አብሮን ሠርቷል፣ ምንም ሙሽኪላ የለበትም ትላለች።»

«እና?»

«እሱ ነው የላከኝ ትላለች። አባቷ ስለሞተ ወንድሟ ካልፈቀደ አይሆንም፤ ለዚህ ነው ቀኑን ሙሉ አብሬያችሁ የዋልኩት፣ እህትህን ለቶማስ…» ድምፅዋ ተቆረጠ። «እህትህን ለቶማስ ትሰጣለህ ወይ ትላለች።»

ሚስቴን! እኔው ዘንድ ሽማግሌ ተላከባት! ውሃው፣ የበሩ መከፈት፣ ያ ሁሉ «ጋሼ» ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

«ታውቂ ነበር?»

«ዋላሂ… በጌታ ስም አላውቅም!»

ሁዳ መልሴን ትጠብቃለች። ብድግ ብዬ መጮህ አማረኝ። ግን እሁድ ትዝ አለኝ፤ ፍሬአለም በር ላይ «አንድ ቀን ነው» ስትለኝ የነበረው ፊቷ ትዝ አለኝ። ዋጥኩት። እንደ መራራ መድኃኒት ዋጥኩት።

«አስብበታለሁ ብሏል በያት» አልኩ።

አልተረጎመችውም። ሁዳን ቀና ብላ አየቻትና አንድ አጭር ነገር ተናገረች። «አኺ» የለበትም። የሁዳ ፊት ተለዋወጠ፤ ከእኔ ወደ እሷ፣ ከእሷ ወደ እኔ እያየች ቆየች። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ወደ ጀልባው ጫፍ ሄደች።

«ምን አልሻት?»

«ባሌ ነው አልኳት።»

ቀኑን ሙሉ ይህቺን ቃል ስጠብቅ ውዬ፣ ስሰማት ፍርሃት ወረረኝ። «ምን አደረግሽ! እሁድስ? ወረቀትሽስ?»

«ሦስቴ ካድኩህ። በገዛ አፌ ደግሞ ለሌላ ሰው ልታጭ?» ቀኝ እጇን ዘረጋች። «ቀለበትህን አምጣ።»

ከኪሴ አወጣሁት። ጣቴ በሙቀት አብጦ አልገባ አለ። ውሃ አፍስሳበት፣ ጥርሷን ነክሳ፣ ገፍታ አስገባችው። እጄን እንደያዘች ቀረች።

ሁዳ ተመልሳ መጣች፤ ስልኩን ዘረጋችላት። ከውስጡ የማዳም ጩኸት እኔ ድረስ ይሰማል።

ፍሬአለም ስልኩን በግራ እጇ ተቀበለች። በቀኟ የያዘችውን እጄን አልለቀቀችም።