ምርቃት የጀመረው ፀጉር ቆራጭ

የፀጉር ቆራጩ ምላስ ከምላጩ ይብስ ነበር። ራሰ በራውን «አንተን ልላጭህ ወይስ ልወልውልህ?» ይለዋል። ደንበኛውም ዝም ብሎ ይሰደባል፤ ሰው መቼስ የሌላው ስድብ እስኪደርስ የራሱን ይችላል።

ታዲያ እሁድ ዕለት ሰባኪው «ጌታ ዛሬም ተከተለኝ ይላል፤ ማነው የሚከተለው?» ሲሉ ማን እጁን ቢያወጣ ጥሩ ነው? እሱ! እንባውን እየጠረገ «ከዛሬ ጀምሮ ደቀ መዝሙር ነኝ፤ ከአፌ ምርቃት እንጂ ሌላ አይወጣም» አለ። ሚስቱ «እስቲ እናያለን» አለች።

ሰኞ ጠዋት የመጀመሪያ ደንበኛው ጡረታ የወጡት መምህር ነበሩ። አረፋ ቀብቶ ግማሽ ጺማቸውን እንደላጨ «እግዚአብሔር ይባርክዎት፣ መልክዎ እንዴት ያምራል!» አላቸው። ሰውዬው ተስፈንጥረው መስታወቱ ላይ ተለጠፉ።

«ምን ቆረጥክብኝ? ጆሮዬ አለ?»

«ኧረ ምንም! እየመረቅኩዎት ነው።»

«አንተ? ምነው፣ ሐኪም ምን አለህ?»

ደቀ መዝሙር መሆኑን ሲነግራቸው የቤት ሥራ ባልሠራ ተማሪ ላይ እንደሚያፈጡ አፈጠጡበት። «ጎሽ! ወንድምህንስ መረቅከው?»

ፀጉር ቆራጩ በበሩ አሻግሮ ወደ ማዶ አየ። ወንድሙ ከመንገዱ ማዶ ልብስ ሰፊ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት በእህታቸው ሰርግ ላይ፣ ፀጉር ቆራጩ ወንድሙ የሰፋለትን ሱፍ ለብሶ በሰው መሀል «ይሄ ሱፍ አይደለም፣ እጅጌ ያለው ጆንያ ነው» ብሎ እንግዳውን በሳቅ ገደለው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ! በማግስቱ ሰፈሩ ሁሉ ወንድሙን «ጆንያ» ይለው ጀመር፤ ደንበኞቹም ሸሹት። ከዚያ ወዲህ ተኳርፈው ቀሩ። ለሁሉ መልስ የማያጣው ሰውዬ፣ «ይቅርታ» ልበል ሲል ግን ምላሱ ይዶለዱምበታል።

«ይቅርታ ካልከው ደቀ መዝሙር ነህ። አለዚያ እንደ ድሮህ ስደበኝና ጺሜን ጨርስ» አሉ መምህሩ።

ምን ያድርግ? ምላጩን እንደያዘ መንገዱን ተሻገረ። መምህሩም ግማሽ ፊታቸው አረፋ፣ አንገታቸው ላይ ፎጣ፣ ከኋላው ኩስ ኩስ አሉ። ወንድሙ ኮፍያውን እስከ ጆሮው ደፍቶ የስፌት መኪናውን ይረግጣል።

«ስድቡ አልበቃህ ብሎ በምላጭ መጣህ?»

«እኔ... አየሩ... ዛሬ አየሩ...» አለ ምላሰኛው፤ ላብ በላብ ሆነ። መምህሩ ከኋላ ጎሸም አደረጉት።

«በድዬሃለሁ። ሱፉ ጥሩ ነበር። ሰው እንዲስቅልኝ ብዬ አንተን አዋረድኩህ። ይቅር በለኝ ወንድሜ።»

የስፌት መኪናው ቆመ። ወንድሙ ኮፍያውን አወለቀ። አቤት ፀጉር! በአንድ በኩል ጎፈሬ፣ በሌላው መላጣ፣ መሀሉ ደረጃ ደረጃ። ፀጉር ቆራጩ በዕድሜው መጥቶለት የማያውቅ ስድብ ምላሱ ጫፍ ላይ ደረሰ። ተናነቀው፤ ዓይኑ እስኪቀላ ታግሎ ዋጠው።

«ማነው እንዲህ የቆረጠህ?»

«እኔው ነኝ፣ በጨርቅ መቀስ» አለ ወንድሙ። «ሁለት ዓመት ሙሉ ሌላ ፀጉር ቆራጭ ዘንድ ልሄድ እነሳለሁ፤ እግሬ እምቢ ይለኛል።»