አረንጓዴ የተቀባችው ሚሺጋን

ግሌንዳ ሃርዊክ ሕግ አክባሪ ናት ሲባል እንዲያው ለወግ አይደለም። ስልሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ በዚህ ሁሉ ዕድሜዋ ከቤተ መጻሕፍት የተዋሰችውን መጽሐፍ አንድ ቀን አሳልፋ መልሳ አታውቅም። ታናሽ ወንድሟ ሮስኮ ግን ይህን አመሏን እንደ በሽታ ነው የሚያየው።

«ደግሞ ልንቆም ነው?» አላት፣ ኦሃዮ መግቢያ ላይ ካለው ነዳጅ ማደያ ሲደርሱ።

«አዎ፣ ቁም።»

ወረደችና የመኪናውን የኋላ ኮፈን ከፈተች። የተቆለፈውን የብረት ሣጥን ከፍታ ሽጉጧን አወጣች፤ ለሰው ጀርባዋን ሰጥታ ጥይቱን አጎረሰችና ከካፖርቷ ሥር ቀበቶዋ ላይ ሻጠችው። ፔንሲልቬኒያን ሲያቋርጡ ሽጉጡ ባዶውን ተቆልፎበት ነው የመጣው፤ እዚያ የእሷ የሽጉጥ መያዣ ፈቃድ አይሠራማ። ፈቃዱ የዩታ ነው። ዩታን ግን በዓይኗም አይታት አታውቅም፤ የምትኖረው ሜሪላንድ ነው። ዩታ ነዋሪዋ ላልሆነ ሰውም ፈቃድ ትሰጣለች። የሽጉጥ አስተማሪ እነግሌንዳ ከተማ ድረስ መጥቶ፣ በእሳት አደጋ ጣቢያው አዳራሽ አንድ ቅዳሜ ሙሉ አስተማራቸው፤ አሻራዋን ሰጠች፤ ካርዱ በፖስታ መጣላት። ከዚያ በኋላ ያለው ጣጣ የየግዛቱ ነው፤ አንዱ ይቀበለዋል፣ ሌላው አላውቀውም ይላል።

«የኔ መንጃ ፈቃድ ሃምሳውም ግዛት ይሠራል» አለ ሮስኮ፣ ተመልሳ ስትገባ። «ያንቺ ሽጉጥ ግን እንደ ሙሽራ በየደጁ ግባ እስኪሉት ይጠብቃል።»

«ዝም ብለህ ንዳ።»

ሽጉጥ ወዳ አይደለም የያዘችው። ልጇ ጆሊን ባለፈው ጸደይ ሞታባታለች። የጆሊን ልጅ ኦፓል አምስት ዓመቷ ነው፤ ሚሺጋን ውስጥ ባለች ትንሽ ከተማ መንግሥት ባዕድ ቤት አስቀምጧታል። አባቷ ክሌይ አንድ ምሽት ሰክሮ ደወለና «ልጄን ልትወስጂ ከመጣሽ በእግርሽ አትመለሺም» አላት። እሱ ሲነጋ ረስቶት ይሆናል። እሷ ግን እንዴት አድርጋ ትርሳው? ነገ ጠዋት በሦስት ሰዓት ፍርድ ቤቱ የኦፓል አሳዳጊ ትሁን አትሁን ይወስናል። ጠበቃዋም «ያለሽ ሀብት ንጹሕ ስምሽ ነው፤ እስከዚያ ድረስ እንኳን ወንጀል፣ የመኪና ማቆሚያ ቅጣት እንዳታመጪብኝ» ብሏት ነበር።

ኦሃዮን ጨርሰው ሚሺጋን ሲገቡ ሮስኮ ራሱ አንድ ነዳጅ ማደያ ጋ መኪናውን አቀዘቀዘ።

«እዚህ መቆም የለም» አለችው። «ሚሺጋን አረንጓዴ ናት።»

አረንጓዴ ያለችው ካርታዋን ነው። አስተማሪው ያደለውን ጥቁርና ነጭ ካርታ ቤቷ ቁጭ ብላ ቀለም ቀብታዋለች፤ ፈቃዷን የሚቀበለውን ግዛት አረንጓዴ፣ የማይቀበለውን ቀይ። ሮስኮ ሳቀባት።

«የአምስት ዓመት ሕፃን ልትወስጂ ስለሆነ ነው ከወዲሁ ቀለም መቀባት የጀመርሽው?»

«አይተህ ነው የምታሾፈው? እንዴት ያለ ሥራ እንደሆነ ላሳይህ» አለችና ወረቀቱን ከቦርሳዋ አውጥታ መስኮቱ ላይ ለጠፈችለት። ይሄኔ የከሰዓቱ ፀሐይ ወረቀቱን አሳልፎ አበራው። ከአረንጓዴው ሥር፣ ሚሺጋን ላይ፣ አንዲት ሚጢጢ ኮከብ ታየቻት። የኮከቧን ትርጉም ወረቀቱ ግርጌ ፈልጋ አነበበች፦ ፈቃዱን የሰጠው ግዛት ነዋሪ ለሆኑ ብቻ። ኮከቧን በገዛ እጇ ቀለም ቀብታ ሸፍናታለች።

«ሮስኮ፣ መኪናውን አቁም።»

«ምን ሆንሽ?»

«የዩታ ነዋሪ አይደለሁም። ወንጀለኛ ሆኜልሃለሁ።»

 ነገሩ ሲገባው የሮስኮ ፊት ተለወጠ። «አውራ ጎዳና ዳር ቆመሽ ሽጉጥ ስታወጪ የሚያይ ሰው ምን ይላል? ቀጣዩ መውጫ አራት ማይል ነው። ቁጭ በይ» አለና ነዳጁን ረገጠው። እንግዲህ ይህ ሰው በደህና ቀን እንደ ኤሊ ነው የሚነዳው። ሁለት ማይል ሳይሄዱ የፖሊስ መብራት ከኋላቸው ብልጭ ብልጭ አለ።

ፖሊሱ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ በግሌንዳ በኩል መጥቶ በመስኮቱ ጎንበስ አለ። ሮስኮ ጉልበቷን ጨበጥ አደረገ። አታውሪ ማለቱ ነው።

«እንደምን ዋላችሁ። ምን አስቸኮላችሁ?»

«እህቴ ናት» አለ ሮስኮ። «ሽንት ቤት አጣድፏት ነው። እርጅና ነው፣ ምን ታደርገዋለህ።»

ፖሊሱ ሳቀ። «እናቴም እንደዚሁ ናት። በሉ፣ ለዛሬ በማስጠንቀቂያ ልለፋችሁ። ቀስ እያላችሁ።» መስኮቱን በእጁ ነካ አድርጎ ፊቱን አዞረ።

ሄዶ ነበር። አዎ፣ ሄዶ ነበር። አንድ ትንፋሽ ብትይዝ ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ግሌንዳ ግን ያንን ቅዳሜ ከተማረችው ሁሉ አንድም አልረሳችም፤ ሚሺጋን ውስጥ ሽጉጥ የያዘ ሰው ፖሊስ ሲያስቆመው ሳይጠየቅ መናገር አለበት። ሁለት እጇን ዘርግታ ከፊቷ አስቀመጠች።

«ጌታው» አለች። «ቀበቶዬ ላይ ሽጉጥ አለ። ፈቃዴ የዩታ ነው። እዚህ እንደማይሠራ ያወቅሁት አሁን፣ ከአምስት ደቂቃ በፊት ነው።»

ሮስኮ ዓይኑን ጨፈነ።

ፖሊሱ ሽጉጡን ተቀበላት፤ ካርዱን ይዞ መኪናው ውስጥ ገባና አርባ ደቂቃ ቆየ። ከአለቃው ጋር በስልክ ሲነጋገር በመስታወት ይታያቸዋል። ሲመለስ ሳቁ ከፊቱ ጠፍቷል፤ አነጋገሩ ግን ክፉ አልነበረም።

«ወይዘሮ ሃርዊክ፣ ላስርዎት ይገባኝ ነበር። አላስርዎትም። ሽጉጡ ግን ተይዟል፤ ጉዳዩም ለዐቃቤ ሕግ ይሄዳል። ሳልጠይቅዎ ራስዎ እንደነገሩኝ እጽፋለሁ። ከዚህ በላይ ከእጄ የለም።»

እንደገና መንገድ ሲጀምሩ ሮስኮ ፈነዳ። «ጀርባውን ሰጥቶን ነበር እኮ። አንቺ ሴትዮ፣ ልጅቷን በገዛ አፍሽ ሸጥሻት።»

«ነገ ዳኛዋ ፊት እጄን አንስቼ እምላለሁ» አለች ግሌንዳ፣ እንባዋ እየወረደ። «ስምል ምን እንድላት ነው የፈለግከው?»

ከዚያ በኋላ አላናገራትም። እራት ላይም፣ ቁርስ ላይም አላናገራትም።

በማግስቱ ክሌይ ፍርድ ቤት ዝር አላለም። ዳኛዋ ወረቀቱን አገላብጠው «በእርስዎ ላይ በእንጥልጥል ያለ ጉዳይ አለ?» ብለው ሲጠይቁ ግሌንዳ ሁሉንም ነገረቻቸው። ዳኛዋ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ሌላ አንዳች እንከን አላየሁብዎትም» አሏት። «ሲሆን ሲሆን ዛሬ ይዘዋት ቢሄዱ ደስ ባለኝ። ነገር ግን ዐቃቤ ሕጉ ሳይወስን ልጅ ላስረክብዎት አልችልም። ሠላሳ ቀን ይጠብቁ።»

ለአንድ ሰዓት ያህል ከልጅቷ ጋር በአንዲት ጠባብ ክፍል እንዲቆዩ ተፈቀደላቸው። ኦፓል ልብሷን በቦርሳ ሸክፋ፣ ጫማዋን አስራ ተዘጋጅታ ነበር የጠበቀቻቸው።

«እንሂድ?» አለች።

ግሌንዳ ልጅቷ ፊት ተንበረከከች። ዋሽቶ ማለፍ እንዴት ቀላል በሆነ። «ዛሬ አይደለም፣ የኔ ቆንጆ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ከሠላሳ ቀን በኋላ መጥቼ እወስድሻለሁ።»

«ሠላሳ ስንት ነው?»

ግሌንዳ የልጅቷን ሁለት እጆች ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችላት፤ የራሷንም አጠገባቸው አስቀመጠች። ይሄ ሃያ ነው ብላ ቆመች፤ ሌላ አሥር ጣት ከየት ይምጣ። ሮስኮ ከግድግዳው ጥግ ተነሥቶ መጣና ሁለት ሸካራ እጆቹን ከእነሱ እጆች ጎን አኖረ።

ኦፓል ጣቶቹን አንድ በአንድ እየነካች ቆጠረች። ሮስኮ ወጣት ሳለ እንጨት መሰንጠቂያ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራ ነበር፤ የግራ ትንሽ ጣቱ እዚያው ቀርታለች። ልጅቷ መጨረሻው ላይ ስትደርስ ቆም አለች፤ ከመጀመሪያው ጀምራ እንደገና ቆጠረች።

«ሃያ ዘጠኝ ነው» አለች።

ሮስኮ ከትናንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ እህቱን አያት። ግሌንዳ ልጅቷን አላረመቻትም።