የሊቀመንበሩ ሞተር ሳይክል

ጓድ በኃይሉ የማስነሻውን ቁልፍ በአውራ ጣታቸው ተጫኑ። ሞተር ሳይክሏ «ጠቅ» አለችና ዝም።

«ይኼ አሻጥር ካልሆነ ምንድነው?»

መካኒኩ ዳንጊሶ እጁን በጨርቅ ጠረገ። ከአዋሳ ገበያ ማዶ ባለችው ጋራዡ ደጃፍ፣ ከሊቀመንበሩ ጎን የአብዮት ጥበቃው ግዛቸው ጠመንጃውን አንግቶ ቆሟል። የአሥረኛው የአብዮት በዓል ሰልፍ ሊጀመር አንድ ሰዓት ቀርቶታል፤ ቀበሌውን ወደ ሐይቅ ዳር የሚመሩት ደግሞ ጓድ በኃይሉ ናቸው። ቀኝ እግራቸውን ኦጋዴን ላይ ጥይት ስለሰበረው ረግጠው ማስነሳት አይችሉም። በሕዝብ ፊት እየተገፋ የሚነሳ ሊቀመንበር ደግሞ የአገር መሳቂያ ነው።

«ባለፈው ሳምንት የማስነሻ ሞተሪኖዋን የፈታኸው አንተ ነህ።»

«አዎ፣ ጓድ ሊቀመንበር። ካርቦኑን ለወጥኩላት። ከዚህ ስትወጣ ገና ሲነኳት ነበር የምትነሳው።»

«እናንተ ጴንጤዎች በጸሎት አይደል የምታስነሱት?» አለ ግዛቸው። «በል ጀምራ!»

ዳንጊሶ አምና ቤቱ ውስጥ ሰው ሰብስቦ ሲጸልይ ተይዞ አርባ ቀን ታስሯል። አሁን አሻጥር ከተጨመረበት ግን አርባ ቀንም አይበቃም። የቀበሌው መጋዘን ጠባቂ በዚችው ቃል ተወስዶ እንደወጣ ቀርቷል።

«ሰልፉ እስኪጀመር ካልተነሳች፣ ከግዛቸው ጋር ትሄዳለህ» አሉ ጓድ በኃይሉ።

ዳንጊሶ ተንበረከከ። መብራቱን አበራ፤ በራ። ጥሩምባውን ነካ፤ ጮኸ። ባትሪው አልሞተም ማለት ነው። እንደገና ቁልፉን ሲጫን መብራቱ ደከመ፤ ሞተሪኖዋ ግን ንቅንቅ አላለችም። የባትሪውን ኃይል በካቻቢቴ በቀጥታ ወደ ሞተሪኖዋ አሻገረ። አሁንም ዝም። ላብ በጆሮ ግንዱ ወረደ። የፈታትና የገጠማት እሱ ነው፤ እሷ ከሆነች የተበላሸችው ምን አፍ አለው?

የቀረው የማሳው ሽቦ ነው፤ ከባትሪው ወደ ሞተር ሳይክሏ አካል የሚወርደው። ወፍራም ሽቦ አንስቶ አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ አስሮ፣ ሌላውን ባዶው የሞተር ብረት ላይ አስነካና ቁልፉን ተጫነ። ሞተሪኖዋ ዞረች!

ጎንበስ ብሎ ማሳው የታሰረበትን ብሎን አየ። ለበዓሉ ሲባል ሞተር ሳይክሏ ከላይ እስከ ታች ቀይ ተቀብታለች። ሽቦው ተፈቶ፣ ሥሩ ተቀብቶ፣ በቀለሙ ላይ ተመልሶ ታስሯል። ዳንጊሶ ቀና ሲል የግዛቸውን ጥፍሮች አየ። ቀያይ ናቸው።

«ምን አገኘህ?» አሉ ጓድ በኃይሉ።

«ቀለሙ ነው፣ ጓድ። ኤሌክትሪክ አያሳልፍም።»

«ቀዩ ቀለም እንቅፋት ሆነ ነው የምትለኝ?»

«አረንጓዴም ቢሆን ያው ነበር፣ ጓድ።»

ጓድ በኃይሉ ዓይናቸውን አጠበቡ። «እንግዲያው አሻጥረኛው የቀባት ሰው ነዋ?»

ግዛቸው ጣቶቹን ከጠመንጃው ማንገቻ ሥር ደበቀ። አንዲት ቃል ብትወጣው ዳንጊሶ ነፃ ነው፤ የሚታሰረው ሌላ ነው። በጸሎት የተሳለቀበት ሰው።

«ቀለም የሚቀባ ሰው ማሳ የሚባል ነገር ከየት ያውቃል?» አለ ዳንጊሶ። «ቀባ የተባለውን ነው የቀባው።»

ጓድ በኃይሉ ጎንበስ ብለው የተቀባውን ብሎን አዩ። ከዚያ ለራሳቸው እንደሚያወሩ ያህል «አንድ ቦታ እንዳይቀር ያልኩት እኔ ነኝ» አሉ።

ዳንጊሶ የባሰ ፈራ። የባለሥልጣንን ስህተት ማወቅ ከአሻጥር አያንስም።

«ፋቀው» አሉና ፊታቸውን ወደ ገበያው አዞሩ።

ብሎኑን ፈታ፤ በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ ነጭ እስኪሆን ፋቀ። ቀዩ ፍቅፋቂ ጉልበቱ ላይ ረገፈ። ሽቦውን መልሶ አጥብቆ አሰረ። ጓድ በኃይሉ ቁልፉን ሲጫኑ ሞተር ሳይክሏ በአንዴ ተነሳች።

«ግዛቸው! ምን ገተረህ? ወደ ሰልፉ!»

«እሱስ፣ ጓድ?»

«እሱ ምን?» አሉና ተፈተለኩ።

ግዛቸው ጥቂት ተራምዶ ዞረ። «አንተ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ሰልፉ ላይ እንዳትቀር። ስም ይጠራል።»

ዳንጊሶ ጋራዡን ዘጋና ተከተለው።