በአንድ እጅ የማትቆለፈው አምባር

የሆስፒታሉ ልብስ አጣቢዎች አለቃቸውን «ብረቷ» ይሏታል። አንሶላ ላይ እድፍ ያስቀረች ልጅ ከብረቷ አፍ በቀላሉ አትወጣም። የግራ እጇ ቀጭን ባለ ሰንሰለት የወርቅ አምባር ግን የፈላ ውሃም ሆነ በረኪና ውስጥ አብራት ትዘፈቃለች። ባሏ በሕይወት ሳለ እሁድ እሁድ ያወልቅላት፣ አጥቦ ያደርቅላት፣ መልሶም ይቆልፍላት ነበር። እሱ ከሞተ አራት ዓመቱ ነው። የሚቆልፍ ከሌለ ማውለቅ ምን ይሠራል?

አንድ ቀን ፎጣ ስትጨምቅ አምባሯ ተበጠሰች። ከማሽኑ ሥር በእጇ ዳብሳ አገኘቻትና በማግስቱ አንጥረኛ ዘንድ ሄደች። ሽማግሌው በአጉሊ መነጽሩ አየት አደረገና ከንፈሩን መጠጠ።

«የኔ እህት፣ ይቺ ወርቅ ምን በድላሽ ነው?»

«ኧረ ጋሼ፣ እንደ ልጄ ነው የያዝኳት!»

«እንዲህ የተያዘ ልጅ ከቤት ይጠፋል። የሰንሰለቷን ቀለበቶች እያቸው፣ እርስ በርስ ሲፋጩ ክር አክለዋል። ብየዳውን ደግሞ በረኪና በልቶታል።»

«ወርቅ አይዝግም ሲባል ነው የሰማሁት።»

«አይዝግም፤ ያልቃል እንጂ። ሥራ ላይ አውልቂ፣ ስትተኚም አውልቂ። ቅባትና ሽቶ ይቅደም፤ እሷን መጨረሻ አድርጊያት። ስትቆሽሽ ለብ ያለ ውሃ፣ ሳሙናና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃታል።» መቆለፊያዋን ገለበጠው። «ይሄ ግን ሁለተኛ ሰው ይፈልጋል። በአንድ እጅ የሚዘጋ ልቀይርልሽ?»

ተራ የሚጠብቁ ሁለት ሴቶች ጆሯቸውን ጥለዋል። ብረቷ አንገቷን ቀና አደረገች።

«ለምን ሲባል? ቤቴ ሰው ሙሉ ነው። ልቆልፍ ልቆልፍ እያሉ ልጆቼ ይጣሉባታል።»

ልጅ የላትም።

ተጠግና ስትመለስ አዲስ መስላለች። ብረቷም የተባለችውን አከበረች፤ ሥራ ላይ አላደረገቻትም። «እትዬ፣ ወርቁን ሸጡት እንዴ?» አለቻት አንዷ አጣቢ።

«ሸጥኩት። አንቺን ልድርበት ብዬ፤ የሚወስድሽ ከተገኘ።»

ሳቁ። ብረቷ ግን አንድ ነገር ገባት። ሰው የሚከባት ሥራ ላይ ነው፤ እዚያ አምባር ማድረግ የለባትም። ማድረግ የምትችለው ቤቷ ነው፤ እዚያ ደግሞ የግድግዳው ሰዓት ብቻ ነው ያለው።

እሁድ ጠዋት አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሞከረች። አንዱን ጫፍ በፕላስተር ክንዷ ላይ ለጠፈች፤ ተነቀለ። በጥርሷ ያዘች፤ ምራቋ አንሸራተታት። አንድ እጅ አያጨበጭብም ያለው ሰው ስለ መቆለፍም ያውቅ ኖሯል። ተነስታ ጎረቤት በር ድረስ ሄደች። ውስጥ ይሳሳቃሉ። ጣቷን ለማንኳኳት አነሳች። ምን ልትል ነው? «አምባር ቆልፉልኝ» ብሎ የሰው በር መምታት ከልመና በምን ይለያል? ጣቷን አጥፋ ተመለሰች።

ሳምንቱን ሙሉ አምባሯ መሳቢያ ውስጥ ከረመች። ቅዳሜ አንጥረኛው ብቻውን እስኪሆን ውጭ ቆማ ጠበቀችና ገባች።

«ተበጠሰች እንዴ?»

«አልተበጠሰችም። መቆለፊያውን ይቀይሩልኝ።»

«ልጆቹስ?» በቅን ልቦና ነው የጠየቀው።

የተሳለ መልስ ምላሷ ጫፍ ደርሶ ነበር። ዋጠችው።

«ልጅ የለኝም ጋሼ። ማንም የለኝም።»

ጮክ ብላ ስትለው የመጀመሪያዋ ነው። አይዞሽ ቢላት ትነክሰው ነበር። እሱ ግን በእግሩ ወንበር ገፋ አደረገላትና «ቁጭ በይ፤ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም» አለ።

ሲጨርስ አምባሯን ጠረጴዛው ላይ አኖረላት። ሊቆልፍላት እጁን ዘረጋ፤ አሰብ አደረገና ሰበሰበው። «ራስሽ ሞክሪው።»

አምባሯን አንጓዋ ላይ ጠምጥማ መቆለፊያውን በአውራ ጣቷ ገፋችው። ጠቅ አለ። እጇን አራገፈች፤ አልወደቀችም።

«እንግዲህ እኔም አላስፈልግሽም» ብሎ ሳቀ ሽማግሌው። እሷም ሳቅ አለች፤ አመስግናው ወጣች።

እስከ አውቶቡስ ፌርማታው ድረስ ስትከፍት ስትዘጋ ሄደች። አንድም ጊዜ አላስቸገራት። የማንም ጣት አንጓዋን ሳይነካት ተቆለፈች።