መስኮት አራት

የሞት ምዝገባ ክፍል ኃላፊ ከሆነች ገና ሁለት ወሯ ነው። የሠራተኞች የብቃት ምዘና ሲደርስ የሁሉንም ሞልታ አንድ ቅጽ ብቻ እጇ ላይ ቀረ፤ የመስኮት አራቱ ሰውዬ። ጡረታ ሊወጣ ዓመት ቀርቶታል፤ ባልደረቦቹ «ጋሽ ቀስ» ይሉታል። ሌላው ሃያ ሰው ሲያስተናግድ እሱ ዘጠኝ። ይባስ ብሎ አንዳንዱን ባለጉዳይ ነጥሎ መዝገብ ቤት ያስገባና በሩን ይዘጋል።

«እዚያ ምን ይሠራሉ?» ብላ ጽዳቷን ጠየቀቻት።

«እኔ ምን አውቄ? ሲወጡ ግን እጁን ይዘው አይለቁትም፤ ምስጋና ብቻ ነው።»

ምስጋናው ጥርጣሬዋን አባሰው። ሰው በነጻ እንዲህ አያመሰግንም አለች በልቧ። በማግስቱ መዝገብ ቤቱ ቀድማ ገብታ ከመደርደሪያው ኋላ ተሸሸገች።

ረፋዱ ላይ ጋሽ ቀስ አንድ ሽማግሌ ይዞ ገባ። በሩ ተዘጋ።

«እዚህ ማንም አይሰማንም» አለ ጋሽ ቀስ። «ይንገሩኝ።»

«የባለቤቴን የትውልድ ዘመን ስትጠይቀኝ አፈርኩ» አሉ ሽማግሌው። «አርባ ዓመት አብሬያት ኖሬ አላውቀውም። ያ ሁሉ ሰው እየሰማ እንዴት ብዬ ልናገር?»

«ብዙ ሰው አያውቀውም። የመጀመሪያ ልጃችሁን ስትወልድ ስንት ዓመቷ ነበር?»

ማስላት ጀመሩ፤ መሀል ላይ ድምፃቸው ተቆረጠ። ጋሽ ቀስ ብዕሩን አስቀምጦ ጠበቃቸው።

ሸኝቷቸው ሲመለስ ዓይኑ ከመደርደሪያው ሥር አረፈ። «ጫማሽ ይታያል» አለ።

ከመደርደሪያው ኋላ ወጣች። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጉቦ የሚቀበሉ መስሎኝ ነው።»

«እኔን መጠርጠርሽስ ይሁን፤ ሥራሽ ነው። እሳቸው ግን ማንም የለም ብያቸው ነው የተናገሩት። ዋሾ አደረግሽኝ።»

ከሰዓት በኋላ ቅጹን ይዛ መስኮቱ ድረስ ሄደች። «ለፍጥነት ዝቅተኛ ሰጥቻለሁ» አለችው።

«እውነት ነው» አለ፣ ቅር ሳይለው።

ባለጉዳይ አያያዝ ላይ ሙሉውን ሰጥታዋለች። ከሥሩ «ተደብቄ በመስማት ያረጋገጥኩት ነው፤ አካሄዴ ስሕተት ነበር» ብላ ጽፋለች። ጋሽ ቀስ መነጽሩን አድርጎ ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ይሄን የላይኞቹ ካዩ አንቺን ነው የሚጠይቁሽ።»

«ይጠይቁኝ።»

ትንሽ አያትና ፈረመ። ከዚያ ተራ የደረሳትን ሴት ጠርቶ ወንበር ሳበላት።